የቡናው ውኃና የቡናው ገለፈት፦ ከጌዴኦ ወንዞች እስከ ናኖ ቅንጣት

በጌዴኦ ቡና ከወንዝ ጋር የተጣላው ዘግይቶ ነው። ለረጅም ዘመን አርሶ አደሩ ቀዩን እሸት ለቅሞ ከነልባሱ በፀሐይ ያሰጣው ነበር። የደረቀው ጀንፈል ተወቅጦ ፍሬው ሲለይ ገለፈቱ ወደ ጓሮ ይመለሳል፤ በዚህ አሠራር ወደ ወንዝ የሚለቀቅ ፍሳሽ የለም። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ሰሳ ጥላ የሚጥሉበት፣ በመካከል እንሰት፣ ከሥሩ ደግሞ ቡና የሚበቅልበት የጌዴኦ ማሳ የወደቀውን ሁሉ መልሶ አፈር የማድረግ ልማድ ነበረው። ዲላም የቡና ገበያ ከተማ ሆና ያደገችው በዚህ ደረቅ ቡና ነው። ሁኔታው የተለወጠው በ1970ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያዎች በይርጋጨፌና በአካባቢው መተከል ሲጀምሩ ነው። የታጠበ ቡና በዓለም ገበያ የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ይርጋጨፌ የሚለው ስም በውጭ አገር ቡና ቀማሾች ዘንድ የታወቀውም በታጠበው ቡና ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው የዚያን ስም ሌላ ገጽታ ነው፤ ቡናው የታጠበበት ውኃ የት ደረሰ? ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ከቅጠል ጭማቂ የሚሠሩት ናኖ ቅንጣቶችስ ለዚያ ውኃ ምን ሊያደርጉለት ይችላሉ? የሁለቱ ታሪክ ጎን ለጎን ሲነበብ መልሱ ግልጽ ይሆናል፦ ቅንጣቶቹ ሥራ አላቸው፤ ሥራቸው ግን ከሌሎቹ እርምጃዎች ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ከቀደሙ ገንዘብም ወንዝም ያባክናሉ።

በመጀመሪያ እጥበቱ ምን እንደሚያደርግ እንይ። ቀዩ እሸት በተለቀመበት ዕለት በማሽን ይፈለፈላል፤ በፍሬው ላይ የሚቀረው ዝልግልግ ልባስ በገንዳ ውስጥ ተነክሮ ይብላላል፤ ከዚያም ቡናው በቦይ ውስጥ በብዙ ውኃ ታጥቦ በአልጋ ላይ ይሰጣል። ከእሸቱ ክብደት 40 ከመቶ ያህሉ ገለፈት ነው። ከዝልግልጉ ልባስ ጋር ስኳርና ፔክቲን፣ ከገለፈቱ ጋር ታኒንና ሌሎች ፌኖሎች ወደ ውኃው ይገባሉ። ስኳሩ መርዝ አይደለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ረቂቅ ተሕዋስያን ሲመገቡት በወንዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ጨርሰው ስለሚወስዱ ነው። ኦክስጅን ሲያልቅ ዓሣውም፣ የወንዝ ነፍሳቱም ይሞታሉ፤ ውኃው ይኮመጥጣል፤ ይሸታል። የጊዜው መገጣጠም ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል። ጣቢያዎቹ የሚሠሩት ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር አካባቢ ነው፤ ይህም ክረምቱ አልፎ የወንዞች ውኃ የሚቀንስበት ወቅት ነው። በሐምሌ ጎርፍ ሊሟሟ ይችል የነበረ ጭነት በታኅሣሥ ቀጭን ጅረት ላይ ይወድቃል። ጊዳቦን የመሰሉ ወንዞች ደግሞ ከጌዴኦ ተዳፋት ወርደው ወደ አባያ ሐይቅ ስለሚገቡ ነገሩ በአንድ ቀበሌ ድንበር የሚቆም አይደለም።

ገለፈቱ ሀብት ሊሆን እንደሚችል የታወቀው ከዚሁ ዘመን ጀምሮ ነው። በ1979 በጓቲማላ የሚገኘው የመካከለኛው አሜሪካና የፓናማ የሥነ ምግብ ተቋም ተመራማሪዎች ስለ ቡና ገለፈት አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። የእነሱ ዓላማ ገለፈቱን ለከብት መኖ ማዋል ነበር፤ ያስቸገራቸው ካፌይኑና ታኒኑ ነው። ታኒኑ ከደረቁ ገለፈት ክብደት ከ2 እስከ 9 ከመቶ ገደማ ይደርሳል ተባለ። ለከብት የማይመቸው ይህ ታኒን ከ30 ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ እንደሚፈለግ በጊዜው የጠረጠረ አልነበረም። ታኒንና መሰሎቹ ፌኖሎች ኤሌክትሮን ለሌላ ንጥረ ነገር የመስጠት ጠባይ አላቸው፤ ናኖ ቅንጣትን ከዕፅ ለመሥራት የሚያስፈልገውም ዋናው ነገር ይኸው ነው።

የናኖው ታሪክ ከጌዴኦው በፊት ይጀምራል። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1857 ወርቅ እጅግ ሲደቅ ቢጫነቱን ትቶ ውኃን ቀይ እንደሚያደርግ አሳየ። ናኖቴክኖሎጂ የሚለውን ቃል ጃፓናዊው ኖሪዮ ታኒጉቺ ያስተዋወቀው በ1974 ነው። አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ሲሆን፣ ናኖ ቅንጣት የሚባለው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚደርሰው ነው። መጠኑ ሲያንስ ከክብደቱ አንጻር የውጭ ገጹ ይሰፋል፤ ኬሚካላዊ ሥራ የሚካሄደው በገጽ ላይ ስለሆነ ጉልበቱ ያይላል። ይህ ለውኃ ማጽዳት እንደሚበጅ የታየው በ1990ዎቹ ነው። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክሎሪን ያለባቸው ማጽጃ ኬሚካሎች የበከሉትን የከርሰ ምድር ውኃ በብረት ብናኝ ውስጥ በማሳለፍ ማጥራት እንደሚቻል አሳይተው ነበር። በ1997 ደግሞ በአሜሪካ የሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ብረቱን በናኖ መጠን ሠሩት። በገበያ የሚሸጠው የብረት ብናኝ አንድ ግራም ከ1 ካሬ ሜትር ያነሰ ገጽ ሲኖረው የእነሱ ከ30 ካሬ ሜትር በላይ ሆነ። ጉድለቱ አሠራሩ ነበር፤ ብረቱን ለማስገኘት የተጠቀሙበት ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ውድ ነው፤ ሲሠራበትም ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ነገር ለአንድ የገጠር ቡና ማጠቢያ ማቅረብ የማይታሰብ ነበር።

ዕፅዋት ወደዚህ ታሪክ የገቡት በዚህ ክፍተት ነው። በ1998 ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር አረንጓዴ ኬሚስትሪ የተባለውን አስተሳሰብ በ12 መርሆዎች አጠናቅረው አሳተሙ፤ ፍሬ ነገሩ ብክለትን ከተፈጠረ በኋላ ከማጽዳት ይልቅ መጀመሪያውኑ እንዳይፈጠር ማድረግ ይሻላል የሚል ነው። በ2002 በቴክሳስ ኤል ፓሶ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የአልፋልፋ ተክል ከበቀለበት ነገር ወርቅ ስቦ በአካሉ ውስጥ ናኖ ቅንጣት እንደሚያደርገው ዘገቡ። በቀጣዩ ዓመት በሕንድ ፑኔ ከተማ ያሉ ኬሚስቶች ሕያው ተክል ሳያስፈልግ የጄራኒየም ቅጠል የተፈላበት ውኃ ብቻውን የብር ጨውን ወደ ናኖ ብር እንደሚለውጥ አሳዩ። አሠራሩ ቀላል ነው። ቅጠሉ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ በውኃ ይፈላል፤ የተጣራው ውኃ ከብረት፣ ከዚንክ ወይም ከመዳብ ጨው ጋር ይቀላቀላል። እንደ ብር ባሉት ላይ የዕፁ ፌኖሎች ለማዕድኑ ኤሌክትሮን ይሰጡታል፤ ከዚያም በቅንጣቱ ዙሪያ ተለብጠው እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ያደርጉታል። እንደ ዚንክ ባሉት ላይ ደግሞ ማዕድኑን ይዘው ያቆያሉ፤ ዱቄቱ በምድጃ ሲቃጠል የዚንክ ኦክሳይድ ቅንጣት ይገኛል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2002 መጨረሻ ኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300ን አወጣች፤ የበከለ ሰው ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል የሚለው መርህ በሕግ ሰፈረ። የይርጋጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የተቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው፤ እጥበቱ በነጋዴና በመንግሥት እጅ ብቻ መሆኑ ቀርቶ አርሶ አደሩ ራሱ የማጠቢያ ባለቤት እየሆነ ሄደ። ስለዚህ በካዩ የምንለው ወገን ከወንዙ በታች ከሚጠጣው ሰው የተለየ አልነበረም፤ የአንዱ ገበሬ ማጠቢያ የሌላው ገበሬ የውኃ መቅጃ ላይ ይፈስሳል። ሕጉ ነበረ፤ ፍሳሹ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ግን ጥቂት ነበር።

ቁጥሩ በ2008 መጣ። በጅማ ዞን የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ወጣ፤ ተሕዋስያን ፍሳሹን ለመብላት የሚፈልጉት ኦክስጅን በሊትር እስከ 10,800 ሚሊግራም፣ አጠቃላዩ የኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት ደግሞ እስከ 15,780 ሚሊግራም ተለካ። ንጹሕ የወንዝ ውኃ በአንድ ሊትር የሚይዘው ኦክስጅን 8 ሚሊግራም ያህል መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። በወንዙ ዳር የሚኖሩ ሰዎችም የራስ ማዞር፣ የቆዳ ማሳከክና የመተንፈስ ችግር እንዳለባቸው ተናግረዋል። ጅማ ጌዴኦ አይደለችም፤ እጥበቱ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ስኳሩም ያው ስኳር ነው። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 159 የወጣውም በዚሁ ዓመት ነው። በዚያው 2008፣ በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የሲንሲናቲ ቤተ ሙከራ ሁለት ተመራማሪዎች ከቡናና ከሻይ በተቀዳ ውኃ፣ ያለ ምንም ማሞቂያ፣ የብርና የፓላዲየም ናኖ ቅንጣት መሥራታቸውን አሳወቁ። ቡና በአንድ ዓመት ውስጥ በአንዱ ጽሑፍ በካይ፣ በሌላው የማጽጃ ምንጭ ሆኖ ቀረበ።

ከዚያ በኋላ እርምጃው ፈጠነ። በ2009 የሻይ ፌኖልን ከብረት ጨው ጋር በማዋሃድ የተሠራ ናኖ ብረት ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ሲጨመርበት ብሮሞታይሞል ብሉ የተባለውን ቀለም እንደሚሰባብር ታየ። በ2013 በፖርቱጋል 26 የዛፍ ዓይነቶች ተፈተኑ፤ የደረቀ ቅጠል ከእርጥቡ የተሻለ እንደሚሠራ፣ ኦክና ሮማን ደግሞ ከአረንጓዴ ሻይ ጋር ከጠንካራዎቹ መካከል እንደሚቆጠሩ ተረጋገጠ። በዚህ ወቅት ዲላም የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሆናለች። በ1996 የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተው ተቋም ከ2000 ጀምሮ በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ቆይቶ በ2006 ራሱን የቻለ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በአገሪቱ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ሲበዙ ናኖ ቅንጣትን ከዕፅ መሥራት በኬሚስትሪ ክፍሎች የተለመደ የምርምር ርዕስ ሆነ፤ ምክንያቱም ውድ መሣሪያ የሚፈልገው ቅንጣቱን ለመመርመር እንጂ ለመሥራት አይደለም፤ ዕፁም በደጅ አለ። በ2019 በጫት ቅጠል የመዳብ ኦክሳይድ፣ በ2020 በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በኮሶ ቅጠል የመዳብ ናኖ ቅንጣት ተሠራ፤ የሁለቱም መፈተኛ ባክቴሪያ ነበር። በ2023 ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ በሚበቅለው በሽፈራው ዘር የተሠራ የመዳብ ኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን ኮንጎ ሬድና አሊዛሪን ሬድ የተባሉትን ቀለሞች እንደሚያፈርስ ታትሞ ወጣ። ሽፈራው ዘሩ የደፈረሰ ውኃን እንደሚያጠራ ከዚያ በፊት የታወቀ ዛፍ ስለሆነ ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በእነዚህና በመሰሎቻቸው ጥናቶች የሚፈተነው ውኃ ብዙ ጊዜ የተጣራ ውኃ ላይ አንድ ቀለም፣ በአብዛኛው ሜቲሊን ብሉ፣ በሊትር 10 ወይም 20 ሚሊግራም ተጨምሮበት የተዘጋጀ ነው። የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ግን ከዚያ ሺህ ጊዜ የሚከብድ የስኳር፣ የፔክቲንና የአሲድ ድብልቅ ነው። ስሌቱን እናድርገው። ለአንድ ሊትር 1 ግራም ቅንጣት ያስፈልጋል ብንል፣ በቀን 100 ሜትር ኩብ የሚለቅ ማጠቢያ በየቀኑ 100 ኪሎ ናኖ ቅንጣት ይፈልጋል። ይህን የሚከፍል የኅብረት ሥራ ማኅበር የለም። ቢከፍልም ፔክቲኑ በቅንጣቱ ገጽ ላይ ተለጥፎ ሥራውን ያስተጓጉለዋል፤ ጨለማው ፍሳሽም ለፀሐይ ብርሃን መግቢያ አይሰጥም። ቀለምም አሳሳች መለኪያ ነው። የቡና ፍሳሽ አሲድነቱ ሲቀንስ ከእሸቱ ልባስ በመጡት ቀለማት የተነሳ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ይጠጋል፤ ዓሣውን የሚገድለው ግን ይህ ቀለም ሳይሆን ለዓይን የማይታየው ስኳር ነው። ቀለሙ የጠፋለት ውኃ ኦክስጅን የለሽ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ንጽጽሩን ለማየት ከዲላ በስተሰሜን 90 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ ይበቃል። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የጨርቃ ጨርቅና የአልባሳት ፋብሪካዎች ፍሳሽ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ እንዳይለቀቅ፣ ይልቁንም ተጣርቶ መልሶ ጥቅም ላይ እንዲውል ታስቦ ተሠራ። የማጣሪያውን ቅደም ተከተል ያስተዋለ ሰው የሚረዳው ነገር አለ፦ ጠጣሩ ቀድሞ ይለያል፤ በተሕዋስያን የሚበላው ይበላል፤ ረቂቅ ማጣሪያ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ናኖ ቅንጣት ከረቂቁ ወገን ነው። በተሕዋስያን የማይበላ የጨርቅ ቀለም፣ ወይም የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ዓይነት ክሮሚየም ያለበት ውኃ የእርሱ ትክክለኛ ቦታ ነው። በቡናው ፍሳሽ ግን ትክክለኛው ቦታ ስኳሩ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ፌኖልና ቀለም ነው።

እንዲህ ከሆነ ናኖው ለጌዴኦ ምን ያስፈልጋል፣ ኩሬና ሣር አይበቃም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። ቬቲቨር ሣር ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በጅማ በኩል በኢትዮጵያ የታወቀ ተክል ነው፤ ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቡና ማጠቢያዎች የፍሳሽ መቀበያ ላይ እየተተከለ ጥቅም ሰጥቷል። አነስተኛ ውኃ የሚጠቀሙ መፈልፈያዎችም ከሁሉ ቀዳሚ መፍትሔ ናቸው፤ ያልተበከለ ውኃ ማጽጃ አይፈልግም። በስኳር የበለጸገውን ፍሳሽ አየር በሌለበት ገንዳ ማብላላት ደግሞ ባዮጋዝ ያስገኛል። ነገር ግን ኩሬ ቦታ ይፈልጋል፤ ጌዴኦ በአገሪቱ እጅግ ሕዝብ ከሰፈረባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ተዳፋት ላይ ለሚገኝ ማጠቢያ ሰፊ ኩሬ መቆፈር የአንድ ቤተሰብ እንሰት መንቀል ማለት ሊሆን ይችላል። ታኒንና መሰሎቹም ለተሕዋስያን ራሳቸው አስቸጋሪ ናቸው፤ በማብላያው ገንዳ ውስጥ ሥራ ያዘገያሉ፤ ከኩሬውም አምልጠው ይወጣሉ። እዚህ ላይ በመጠኑ ያነሰ፣ በአሸዋ ወይም በከሰል ላይ የታሰረ የብረት ናኖ ቅንጣት ያለበት ማጣሪያ ሥራ ይኖረዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው፤ ወንዝን ከስኳር አድናለሁ ብሎ ብረትና መዳብ መጨመር ምን ማለት ነው? ከዕፅ የተሠራ ስለሆነ ጉዳት የለውም የሚለው መልስ አያስኬድም። የብርብራ ዘር ዓሣ ማደንዘዣ መሆኑን ለሚያውቅ አገር ዕፅ ሁሉ ገር እንዳልሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ሳይንሱም ይህንኑ ይላል፦ በ2014 የታተመ ጥናት ከአረንጓዴ ሻይ የተሠራው ናኖ ብረት እንደተባለው ንጹሕ ብረት ሳይሆን የብረትና የፌኖል ውሕድ መሆኑን፣ በውኃ ውስጥ ፍጥረታት ላይም ጉልህ ጉዳት እንደሚያደርስ አሳየ። ስለዚህ ለወንዝ ዳር ሥራ ብርና መዳብ ቢቀሩ ይሻላል፤ ብረት በቀይ አፈራችን ውስጥ ሞልቶ የሚገኝ በመሆኑ የተሻለ ምርጫ ነው። ማግኔታይት የተባለው የብረት ኦክሳይድ ደግሞ በማግኔት ተለቅሞ ይመለሳል፤ በ2006 የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደካማ ማግኔት እንኳ እንዲህ ያሉ ቅንጣቶችን ከውኃ ለመለየት እንደሚበቃ አሳይተዋል። ቅንጣቱ ልቅ ሆኖ ወደ ውኃ እንዳይለቀቅ ማሰር፣ ከማጣሪያው በኋላም የሚወጣውን ብረት መለካት የአሠራሩ አካል መሆን አለበት።

ሦስተኛው ጥያቄ የቅጠሉ ምንጭ ነው። ኮሶ በአገሪቱ እየተመናመነ ያለ ዛፍ ነው፤ ሽፈራው የሰው ምግብ ነው፤ የጌዴኦን ጥላ ዛፎች እየመለመሉ ማጽጃ መሥራትም ማሳውን ማራቆት ይሆናል። በጌዴኦ ሁኔታ መልሱ በጣቢያው ደጃፍ ተከምሮ አለ። ገለፈቱ ከጓቲማላው መጽሐፍ ጀምሮ የታወቀ ታኒን አለው፤ የሚገኘውም ማጽጃው በሚፈለግበት ወር ነው፤ ማጓጓዣም አይፈልግም። ታኒኑ ከተቀዳለት በኋላ የሚቀረው ገለፈት ለብስባሽ ይሆናል። ጉድለቱ የገለፈቱ ይዘት እንደ ዝርያው፣ እንደ ቆይታውና እንደ መብላላቱ መለዋወጡ ነው፤ ዛሬ የተሠራው ቅንጣት ከነገው ጋር ላይመሳሰል ይችላል። ይህን መለካትና ማስተካከል ግን ቤተ ሙከራ ያለው፣ ከማጠቢያዎቹም በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ የሚችል ተቋም ሥራ ነው፤ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ተቀምጧል።

በ2023 ሁለት ነገሮች ተከታትለው ሆኑ። በነሐሴ ዲላ አዲስ በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከማዕከል ከተሞች አንዷ ሆነች፤ በመስከረም ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የተመዘገበው ዛፉ፣ እንሰቱና ቡናው ተደጋግፈው የኖሩበት ሥርዓት፣ ከጥብቅ ደኖቹና ከጥንታዊዎቹ ትክል ድንጋዮች ጋር ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ምንም ነገር ተጥሎ አይቀርም ነበር፤ እጥበቱ የሰበረውም ይህንኑ ዑደት ነው። ገለፈቱን መልሶ ወደ ሥራ ማስገባት ስለዚህ ከውጭ የመጣ ፈጠራ ብቻ ሳይሆን የቆየው አሠራር ቀጣይ ደረጃ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ሊዛባ አይገባም፦ መጀመሪያ ውኃውን መቀነስ፤ ከዚያ ገለፈቱን መለየት፤ ከዚያ ስኳሩን ለተሕዋስያን መስጠት፤ ናኖ ቅንጣት ለተረፈው። ከዕፅ የሚሠራ ናኖ ቅንጣት ላይ የሚታተሙ ጥናቶች ዋጋ የሚኖራቸውም በተጣራ ውኃ ላይ በጠፋ ሜቲሊን ብሉ ሳይሆን ከማጠቢያው በተቀዳ ፍሳሽ ላይ ሲፈተኑ ነው። መለኪያቸውም ሁለት ቁጥር ይሁን፦ ከማጠቢያው በታች በታኅሣሥ ወር በወንዙ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን፣ እና ከማጣሪያው ያመለጠው ብረት። የመጀመሪያው ካልጨመረ ወይም ሁለተኛው ካልቀነሰ፣ የቅንጣቱ ማነስም ሆነ የቅጠሉ አረንጓዴነት ለጌዴኦ የሚጨምርለት ነገር የለም።